ቶኒ ብሌርን ያስደነገጡት የማርማላታ ሴቶች

የብሪታንያ የገጠር ሴቶች ማኅበር ሲነሳ ብዙ ሰው የሚታየው ማርማላታና ኬክ ነው። እንግሊዞቹ ራሳቸውም ይቀልዱበታል። እኔ ግን ማኅበሩን የማደንቀው እ.ኤ.አ. በጁን 2000 ዌምብሌይ አዳራሽ ውስጥ ባደረገው ነገር ነው።

የዚያን ዕለት 10 ሺህ ያህል አባላት ተሰብስበዋል። ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ተጋብዘው መጡና የመንግሥታቸውን ፖሊሲ ይደሰኩሩ ጀመር። ሴቶቹ ምን አደረጉ? ቀስ እያሉ፣ በአንድነት፣ የፌዝ ጭብጨባ አጨበጨቡባቸው! አንዳንዶቹም ብድግ ብለው ወጡ። ሰውዬው ሲደናገጡ አገር በቴሌቪዥን አየ።

ይህ ድፍረት ከሰማይ ዱብ አላለም። ማኅበሩ በ1897 ካናዳ ውስጥ ተጀምሮ ብሪታንያ የገባው በ1915 ነው፤ መጀመሪያ የተቋቋመውም ዌልስ ውስጥ በአንግልሲ ደሴት ነበር። ጊዜው የጦርነት ነውና ምግብ የፈለገው መንግሥት ገንዘብ ረዳው። እንግዲህ በመንግሥት ድጎማ ያደገ ማኅበር የመንግሥት ሎሌ ሆኖ ይቀራል አትሉም?

አልቀረም። ከ1917 እስከ 1946 የመሩት ሌዲ ዴንማን በሁለት ነገር ድርቅ አሉ፦ ማኅበሩ ለፓርቲም ለሃይማኖትም እንዳይወግን፣ የኮሚቴ ምርጫውም በምስጢር ድምፅ እንዲሆን። ልብ በሉ! ሴቶች ፓርላማ መምረጥ የቻሉት በ1918 ነው፤ ያውም ከ30 ዓመት በላይ የሆኑትና መስፈርት ያሟሉት ብቻ። በማኅበሩ ውስጥ ግን የጭሰኛ ሚስት የባለርስቱን ሚስት በወረቀቷ ልትጥላት ትችላለች። (ሌዲ ዴንማን ራሳቸው የባለማዕረግ ሚስት ነበሩ፤ ይገርማል።) እርግጥ ነው፣ በብዙ መንደር እመቤቲቱ ሊቀመንበር መሆኗ አልቀረም። ግን ተመርጣ ነው። ውሎ አድሮ የመንግሥትን ድጎማም ተሰናበቱት።

ድምፅ መስጠት የለመደ መጠየቅም ይለምዳል። ለገጠር የቧንቧ ውሃ ብለው ወተወቱ። በ1943 ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ ይከፈል ብለው ወሰኑ። ማርማላታውንም ቢሆን አልናቁትም፤ ከ1940 እስከ 1945 መንግሥት ስኳር እየሰጣቸው ፍሬው እንዳይበላሽ ከ5 ሺህ ቶን በላይ አዘጋጅተዋል። ስኳሩን ተቀበሉ፤ አፋቸውን ግን አልሸጡም።

ከብሌር አማካሪዎች አንዱ ይህን ቀድሞ ሹክ ቢላቸው ኖሮ፣ ሰውዬው ያን ዲስኩር ቢሮአቸው ጥለው ስለ ጓሮ አትክልት ተጫውተው በሰላም ይመለሱ ነበር።