ሉፕ እንዳላት ለላቦራቶሪው ማን ይንገረው?

ከማህፀን በር የተወሰደ የፓፕ ስሚር ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ሲሄድ አንድ የምርመራ ወረቀት አብሮት ይሄዳል። ዕድሜ፣ የመጨረሻው የወር አበባ የታየበት ቀን፣ እርግዝና፣ የወሊድ መከላከያ፣ ቀድሞ የተወሰደ የጨረር ሕክምና የሚሞላበት ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት ስምና የካርድ ቁጥር ብቻ ይዞ መላክ የለበትም እላለሁ። የሴትየዋን ታሪክ ለማያውቅ ባለሙያ፣ ጤነኛ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሥር ካንሰር መስሎ ሊታየው ይችላል።

ያረጡ እናቶችን እንውሰድ። ኤስትሮጅን ሲቀንስ የማህፀን በር ሽፋን ይሳሳል። የበሰሉት የላይኛው ንጣፍ ሕዋሳት ስለሚጠፉ ናሙናው ላይ በብዛት የሚገኙት ከሥር ያሉት ትናንሾቹ ናቸው። የእነዚህ ኒውክለስ ከሕዋሱ አንጻር ትልቅ ነው፤ ስላይዱ በአልኮል ሳይጠበቅ ከደረቀ ደግሞ ይባስ ይተልቃል። በዚህም ከከፍተኛ ደረጃ ቅድመ ካንሰር ጋር ይመሳሰላሉ። ጥርጣሬው ካልጠራ ሐኪሙ ለጥቂት ሳምንታት የኤስትሮጅን ክሬም አዝዞ ናሙናውን ሊያስደግም ይችላል። ጤነኛው ሕዋስ ሆርሞኑን ሲያገኝ ይበስላል፤ የታመመው ግን እንደነበረ ይቀራል። በዚህ ሙያ ውስጥ እጅግ የማደንቀው ዘዴ ይህ ነው፤ ሕዋሱ ራሱ እንዲመሰክር ያደርጋል። ዕድሜዋ ካልተጻፈ ግን ይህን ማን ያስባል?

በማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የወሊድ መከላከያ፣ ሉፕም እንዲሁ ነው። በሉፕ ምክንያት የሚራገፉ ሕዋሳት አንዳንዴ በፈሳሽ ተነፍተው፣ አንዳንዴም ኒውክለሳቸው ጠቁሮ ካንሰርን ይመስላሉ። ቁስሉ እየሻረ ያለ የማህፀን በርም ኒውክለሳቸው የተለቀ ሕዋሳት ያሳያል፤ ነገር ግን ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚነዳ መንጋ ተያይዘው ነው የሚገኙት። የካንሰር ሕዋሳት ብዙውን ጊዜ ይበታተናሉ። የጨረር ሕክምና ያመጣው ለውጥም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ታሪኩ የሚጻፈው ግን ውጤቱን ለማቅለል አይደለም። ሉፕ ያላት ሴት ካንሰር አይዛትም ያለ የለም፤ ጨረር የወሰደችውም በሽታው ሊመለስባት ይችላል። ታሪኩ ባለሙያው በሁለቱም በኩል እንዲያመዛዝን ይረዳዋል።

በአገራችን የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ በብዛት የሚካሄደው አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን በማየት ነው። ፓፕ ስሚር የምታሠራ ሴት ከሩቅ ተጉዛ የመጣች ልትሆን ትችላለች፤ ውጤቱ ሲያጠራጥር መልሶ ማግኘቷ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው መቅረብ ያለበት እዚያው፣ ናሙናው ሲወሰድ ነው። እህቶቼ፣ ባትጠየቁም ተናገሩ፤ ሉፕ አለኝ፣ በቅርቡ ወልጃለሁ፣ የወር አበባዬ ቆሟል በሉ። ውጤቱ አጠራጣሪ ነው ከተባላችሁም በድንጋጤ አትጥፉ። ፓፕ ስሚር የሚጠቁም ምርመራ ነው፤ ካንሰር መሆኑ የሚረጋገጠው በባዮፕሲ ነው። ቀጠሯችሁን አክብራችሁ ተመለሱ፤ ስትመለሱም ያ ታሪክ ለላቦራቶሪው ደርሶት እንደነበር ሐኪማችሁን ጠይቁ።