ጎመንዘሩ ከመታጨዱ በፊት ይጎብኝ

በአርሲ፣ በባሌ፣ በጎጃምና በሸዋ ደጋማ ቦታዎች ጎመንዘር የታወቀ ሰብል ነው። ቅጠሉ ለወጥ፣ ፍሬው ለዘይትና ለምጣድ ማሰሻ ይውላል። ይሁን እንጂ አበባው ከረገፈ በኋላ ማሳው ብዙ ጊዜ እስከ አጨዳ ድረስ ይረሳል። የልማት ሠራተኛውም ቢሆን ጉብኝቱን የሚያበዛው በዘርና በማዳበሪያ ወራት ነው። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባዋል፤ የክረምቱ ድካም ጎተራ መግባት አለመግባቱ የሚለየው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነውና።

ዝናቡ ቆሞ ፀሐዩ ሲበረታ ክሽክሽ ይራባል። አመድ የተነሰነሰ መስሎ በአበባው ጫፍና ፍሬውን በያዘው ለጋ ቆባ ላይ ይሰፍራል። ጭማቂውን ስለሚመጥም ቆባው ሳይሞላ ይቀራል። ስለዚህ ከማሳው ዳር ብቻ ሳይሆን ከመካከልም አምስት ስድስት ቦታ ገብቶ መመልከት ያስፈልጋል። ክሽክሹ በጥቂት ተክሎች ላይ ብቻ ከታየና እሱን የሚበሉ ጥንዚዛዎች ካሉ ለመርጨት መቸኮል አይገባም። ቆባው ሞልቶ ከጠነከረ በኋላ መርጨት ገንዘብ ማባከን ሲሆን፣ አበባ ሳለ ከተረጨ ደግሞ ንብን ይፈጃል።

በቆባው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚህ በሽታ የተያዘ ቆባ ያለጊዜው ደርቆ ይፈነዳል። የተጎዳውን ክፍል አስቀድሞ ማጨድ፣ ለከርሞ የሚሆነውን ዘር ከጤነኛው መምረጥና ጎመንዘርን በዚያው መሬት ላይ አከታትሎ አለመዝራት ይበጃል።

ዋናው ጥያቄ መቼ ይታጨድ የሚለው ነው። ማሳው ከሩቅ ቢጫ መምሰሉ ብቻውን አያስተማምንም። የታችኛው ቆባ ቀድሞ፣ የላይኛው ዘግይቶ ስለሚበስል ከዋናው ግንድ ከታች፣ ከመካከልና ከላይ ፈልቅቆ ፍሬውን ማየት ያሻል። የጎመንዘር ዘመድ የሆነውን ካኖላ የሚያመርቱ የካናዳ ገበሬዎች፣ አጭደው በማሳው ላይ በረድፍ የሚያደርቁ ከሆነ፣ በዋናው ግንድ ካለው ፍሬ ከመቶ 60 ያህሉ ቀለሙን ሲለውጥ ሥራውን ይጀምራሉ። ጎመንዘር ቆባውን ከካኖላ ይልቅ አጥብቆ ስለሚይዝ የደጋው ገበሬ ጥቂት ቀናት ሊታገሥ ይችላል። ቢሆንም ትዕግሥቱ ልክ ይኑረው፤ ያልበሰለ ፍሬ ዘይቱን አረንጓዴ ሲያደርገው፣ ከልክ በላይ የደረቀው ማጭድ ሲነካው ይረግፋል። ጠዋት ጤዛው ሳይነሣ ማጨድ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

አገሪቱ የምግብ ዘይትን በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች። በማሳ ላይ የሚረግፈው ጎመንዘርም ያው ዘይት ነው። የአጨዳ ዋዜማ ጉብኝት መሣሪያም ገንዘብም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው እግርና ዓይን ነው። እንግዲህ የልማት ሠራተኛው የሥራ ዕቅድ ሰኔን ብቻ ሳይሆን ጥቅምትንና ኅዳርንም ይጨምር።