«ጥቂት ብቻ ነው» የሚባልለት እንጉዳይ

በዚህ ወር የምናወጋችሁ ስለ አንድ እንጉዳይ ነው። ቆቡ ደማቅ ቀይ፣ በላዩም ነጫጭ ነቁጦች የተበተኑበት፣ ከሕፃናት የተረት መጻሕፍት ሥዕል የማይጠፋው ነው። ሳይንሳዊ ስሙ አማኒታ ሙስካሪያ ይባላል። በአውሮፓ ሰዎች ወተት ውስጥ እየዘፈዘፉ ዝንብ ያጠምዱበት ስለነበር «የዝንብ እንጉዳይ» የሚል ስም ወጥቶለታል። በኛ አገር እናቶች የማያውቁትን እንጉዳይ ሲያዩ «የጅብ ጥላ ነው፣ እንዳትነኩት» ይላሉ። ይህን ቢያዩት ምን ይሉ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ዛሬ ታዲያ ይኸው እንጉዳይ ከረሜላና ቸኮሌት ሆኖ፣ ባማረ ወረቀት ተጠቅልሎ በአሜሪካ የሲጋራ መሸጫ ሱቆችና ነዳጅ ማደያዎች ይሸጣል። «ማይክሮዶዚንግ» ይሉታል፤ በየዕለቱ ትንሽ ትንሽ መውሰድ ማለት ነው። ጭንቀት ያርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ መንፈስን ያረጋጋል ተብሎ ይወራለታል። የሚገዛው ሁሉ ስካር ፈላጊ አይደለም። ሌሊቱን ፈረቃ ሠርቶ ቀን እንቅልፍ እምቢ ያለው፣ ከቤተሰቡ ርቆ ሐሳብ የሚያብሰለስለው ሰውም እጁን ይዘረጋል። ይህን ሰው መውቀስ ቀላል ነው። እኛ ግን የሚውጠው ምን እንደሆነ ብንነግረው ይሻላል እንላለን።

በእንጉዳዩ ውስጥ ሁለት ዋና ንጥረ ነገሮች አሉ። አንደኛው አይቦቴኒክ አሲድ ሲሆን አንጎልን የሚያነሳሳ ነው። እንጉዳዩ ሲደርቅና ሲሞቅ ከዚህ አሲድ ከፊሉ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሙሲሞል ይለወጣል። ሙሲሞል ደግሞ የአንጎልን ሥራ ያቀዘቅዛል፤ የሚይዘውም አልኮልና አንዳንድ የእንቅልፍ ክኒኖች የሚነኩትን ሥፍራ ነው። «መረጋጋት» የተባለው እንግዲህ መደንዘዝ ነው። መጠኑ ከፍ ሲል ማቅለሽለሽ፣ መወላገድ፣ መቃዠት፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ ይከተላል፤ አልፎ አልፎም ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። የአንዱ እንጉዳይ ኃይል ከሌላው ይለያያል፤ ስለዚህ ትናንት «ጥቂት» የነበረው ዛሬ ጥቂት ላይሆን ይችላል። ስሜቱም ወዲያው ስለማይመጣ፣ «አልሠራም» ብሎ የሚደግም ሰው ብዙ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 እስከ 2024 በቨርጂኒያ፣ በሻርሎትስቪል ከተማ አምስት ሰዎች የእንጉዳይ ከረሜላ በልተው ታመሙ፤ አንዱ ሕፃን ነበር። ከረሜላዎቹ ሲመረመሩ በወረቀታቸው ያልተገለጸ፣ በሕግ የተከለከለ ሌላ አደንዛዥ ዕፅ ተገኘባቸው። በ2024 ደግሞ «ዳይመንድ ሽሩምዝ» የተባሉት ቸኮሌቶችና ከረሜላዎች በሰኔ ወር ከገበያ እንዲሰበሰቡ ተደረገ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በጥቅምት መጨረሻ ባወጣው ቆጠራ 180 ሰዎች ታመዋል፣ 73ቱ ሆስፒታል ገብተዋል፤ ከዚሁ ጋር ሳይያያዙ አይቀሩም የተባሉ 3 ሞቶችም ተመዝግበዋል። በምርቶቹ ውስጥ ከሙሲሞል ሌላ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የማይሸጥ የነርቭ መድኃኒት ሳይቀር ተገኝቷል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አስተዳደሩ ይህ እንጉዳይ በምግብ ውስጥ እንዲገባ እንዳልተፈቀደ አስታወቀ። የሉዊዚያና ክፍለ ግዛት እንኳ ለሰው ፍጆታ መሸጡን የከለከለችው በ2005 ነበር።

«ካላሰከረኝ ምን አለበት?» የሚል ወጣት አይጠፋም። ብዛቱ የሚያሰክር ነገር ጥቂቱም እንደሚከለከል ከሐዲስ የተያዘውን ብያኔ አብዛኞቻችሁ ከመድረሳ ጀምሮ ታውቁታላችሁ። ለሕክምና ስለሚወሰድ ነገር ያለውን ዝርዝር ዑለማዎችን ጠይቁ፤ ይህኛው ግን ሐኪም ያላዘዘው፣ መድኃኒትነቱም በአግባቡ ያልተመሰከረለት ነው። ጠቀመን የሚሉ ሰዎች ምስክርነት አለ። ነገር ግን ሳይወስዱ ከቆዩ ሰዎች ጋር ካልተነጻጸረ፣ የጠቀመው እንጉዳዩ ይሁን ተስፋው በምን ይለያል?

እንቅልፍ ማጣቱ ከሳምንታት ካለፈ ወደ ሐኪም ሂዱ። ልጅ ከረሜላውን በልቶ ከተገኘ ደግሞ እንዲያስታውክ አታስገድዱት። አሜሪካ ያላችሁ ወዲያውኑ ወደ መርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ1-800-222-1222 ደውሉ፤ አገልግሎቱ በነፃ ነው። ልጁ ራሱን ከሳተ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው 911 ጥሩ። መጠቅለያውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከየት እንደመጣም ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት።