በፋብሪካ የሚሠራ ቤትና የነጋዴው ድርሻ

በአገራችን ቤት ማሠራት የጀመረ ሰው ሁለት ጠላት አለበት፤ አንዱ ክረምት፥ ሁለተኛው የዕቃ ዋጋ መናር ነው። ግድግዳው ሳይቆም ዝናም ይይዘዋል፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ በሰኔ ያሰበው ዋጋ አይገኝም። በፋብሪካ ተሠርቶ በቦታው የሚገጣጠም ቤት ግን ይህን ጊዜ ያሳጥራል፤ መሠረቱ በመሬቱ ላይ ሲጣል፥ ግድግዳውና ጣሪያው በዚያው ጊዜ በፋብሪካ ጥላ ሥር ይዘጋጃልና።

ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ተገጣጣሚ ቤት ለጊዜያዊ መጠለያ እንጂ ለኑሮ አይበጅም ይላል። ለዚህ መልሱ በእንግሊዝ አገር ይገኛል። ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፥ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1944 በወጣው ሕግ መሠረት፥ ከ150,000 በላይ ተገጣጣሚ ቤቶች ተተከሉ፤ አውሮፕላን ይሠሩ የነበሩ ፋብሪካዎችም የአሉሚኒየም ቤት ሠሩ። ዕድሜያቸው 10 ዓመት ያህል ተብሎ ሲገመት፥ ብዙዎቹ ለዐሥርተ ዓመታት ተኖረባቸው፤ በለንደን ካትፎርድ ካሉት 6ቱ በ2009 በቅርስነት ተመዘገቡ።

ነገር ግን ዕቃው መልካም መሆኑ ብቻ አይበቃም። በአሜሪካ ሉስትሮን የተባለው ኩባንያ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ የመንግሥት ብድር ወስዶ ጠንካራ የብረት ቤት ቢሠራም፥ 2,500 ያህል ቤት ብቻ ሸጦ በ1950 ሥራውን አቆመ። ፋብሪካው ታላቅ ሲሆን ትእዛዙ ጥቂት ነበር፤ ገዢውም ብድር እንደ ልብ አላገኘም፤ የየከተማው የሕንፃ ደንብም የተለያየ ነበር።

እንግዲህ የጎደለው የነጋዴ ሥራ ነው። አስመጪው ሙሉ ቤት ከውጭ በማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ከሚያባክን፥ መሣሪያውንና በአገር ውስጥ የማይሠራውን ክፍል ብቻ ያምጣ። ባለሱቁ በርና መስኮትን በታወቀ አንድ ልክ ይሽጥ። ላኪውም የቡናና የሰሊጥ መጋዘኑን በዚሁ ዘዴ በማሠራት የመጀመሪያው ደንበኛ ይሁን፤ ምርቱ ሳይገባ መጋዘኑ ይደርስለታል። የንግድ ምክር ቤቱ ትእዛዛቸውን ሰብስቦ ለፋብሪካና ለባንክ በአንድነት ቢያቀርብ፥ አንዱ ብቻውን የማይችለው ለሁሉም ይቀላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።