ቀበሌው ለሕዝቡ ይመለስ

ወገን፣ ዛሬ ትንሽ የምትጎረብጥ ነገር ነው የምናወራው። እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ የምትሉትን በሉ።

የአማራ ክልል ቀውስ መቼ ጀመረ ስንባል ግማሻችን የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ የተወሰነበትን መጋቢት 2015ን እንጠራለን። ሌላው ሐምሌ 28/2015ን ይላል፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀበትን ቀን። ሁለቱም ልክ ነው። ግን ክብሪቱን ብቻ ካየን የተቆለለውን ጭድ እንረሳለን። ጭዱ ደግሞ ቀበሌ ውስጥ ነው የተቆለለው።

በዚያው ዓመት ሰኔ ገደማ ምን እንደነበር አስታውሱ። ዝናቡ ገብቷል፣ መሬቱ ታርሷል፣ ማዳበሪያ የለም። አርሶ አደሩ ሥራውን ጥሎ ባሕር ዳር ድረስ መጥቶ ጮኸ። የገበሬ ሰልፍ በክረምት መግቢያ! ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የገጠር ልጅ ያውቀዋል። ማዳበሪያው ከላይ ማነሱ አንድ ነገር ነው። የመጣችዋ ጥቂት ኩንታል ግን ለማን እንደምትደርስ የሚወስነው የቀበሌው ስም ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን የሚይዘው ሰው ዘመዱን ያስቀድማል፣ የተረፈውን በጓሮ በር ለነጋዴ ይሸጣል። ገበሬው ይህን በዓይኑ ያያል፣ ግን ለማን ይከሰዋል? ለወረዳው? የሾመው እኮ ወረዳው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በዚህ አገር የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ነው። እኔ ያኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ያም ቢሆን አብዛኞቹ ተቃዋሚዎች ራሳቸውን ያገለሉበት ምርጫ ነበር። የሥራ ዘመኑ 5 ዓመት ነው። በ2010 መካሄድ ነበረበት፣ ተራዘመ። በ2013 አገር አቀፍ ምርጫ ሲደረግ የአካባቢው አልተካተተም። ስለዚህ ዛሬ ቀበሌህን የሚያስተዳድረው ሰው አንተም አልመረጥከውም፣ አባትህም አልመረጠውም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ላይ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። አንቀጽ 12 ደግሞ እምነት ያጣህበትን ተመራጭ ከቦታው ለማንሳት መብት አለህ ይላል። ያልመረጥከውን ሰው እንዴት ታነሳዋለህ?

የራሴን ላንሳ፣ ሌላ ምሳሌ መፈለግ ስለሌለብኝ። ተመርቀን ሥራ ስናጣ አምስት ልጆች ተደራጅተን ብድር ልንጠይቅ ተነሳን። የሚያስፈልገን ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ነበር፣ አንዲት ገጽ። ስምንት ወር ፈጀ። ማኅተሙ የለም፣ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ነው፣ ነገ ተመለሱ። በመጨረሻ አንዱ "ሻይ በሉ እንጂ" አለን፣ አልን፣ ደብዳቤው በዚያው ቀን ወጣ። እስከዚያ ግን የብድሩ ጊዜ አልፎ ነበር። ከአምስታችን ሁለቱ ዛሬ ጫካ ናቸው። ደብዳቤው ብቻ ነው ያስገባቸው አልልም። ግን ቀበሌው በር ላይ የቆሙባትን እያንዳንዷን ጠዋት አልረሷትም።

መንግሥት ለዚህ ያለው መልስ ምንጊዜም ሹም ሽር ነው። በ2008 ጎንደርና ባሕር ዳር ሲነሱ "ችግሩ የመልካም አስተዳደር ነው" ብሎ አመነና በ2009 ጥልቅ ተሃድሶ አለ። ያው ካድሬ ወንበር ተለዋውጦ ተቀመጠ። ከየካቲት 2011 እስከ ነሐሴ 2015 ድረስ ብቻ ክልሉ 5 ርዕሰ መስተዳድር ተሾሞለታል፣ አንዱን ደግሞ በጥይት አጥተነዋል። የቀበሌው ማኅተም ግን እዚያው ኪስ ውስጥ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያለ ባደገ ማኅበረሰብ ውስጥ ሹም መቀየር ብቻውን ምን ይፈይዳል?

በጦር ይፈታልም ተብሎ ነበር። አዋጁ 6 ወር፣ ከዚያ ሌላ 4 ወር። ጥር 20/2016 መርዓዊ ላይ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ ተናግሯል። የሞቱት ሰዎች ቤተሰብ ፊት ቆሞ "እኔ ነኝ ያዘዝኩት፣ እጠየቃለሁ" ያለ ሰው ስም እስካሁን አልሰማንም። ይህ ሳይሆን ድርድር ተብሎ አዳራሽ ቢሞላ፣ አበል ቢከፈል፣ ማን ያምናል? የታሰሩት በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ይቅረቡ ወይ ይለቀቁ። ድርድሩም ታጣቂው የሚያምነው ሦስተኛ ወገን ባለበት፣ በግልጽ ይሁን። ከተኩስ አቁም ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያ ነገር ደግሞ የቀበሌ ምርጫ ይሁን እላለሁ። ትልቁን ወንበር በኋላ እንከራከርበታለን። መጀመሪያ ማዳበሪያ የሚያከፋፍለውን፣ መታወቂያ የሚሰጠውን፣ መሬት የሚለካውን ሰው ጎረቤቶቹ ይምረጡት። የማዳበሪያው ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ይሄ ዶላር አይጠይቅም፣ ማስቲሽ ብቻ ነው።

አሁን የምትጎረብጠዋ። በትግሉ ስም ሰው አግቶ ሚሊዮን ብር የሚጠይቅ፣ መምህር የሚያስፈራራ፣ ትምህርት ቤት የሚያዘጋ ሁሉ ያንኑ የቀበሌ ሹም በሌላ ልብስ እየተካው ነው። የታገተ ልጇን ለማስለቀቅ በሬዋን የሸጠች እናት ማን እንደነጠቃት አትለይም፣ ማኅተም የያዘው ነው ወይስ ጠብመንጃ የያዘው። በዚህ ክልል ሚሊዮን ሕጻናት ከትምህርት ገበታ ውጭ ናቸው። ነገ ለአማራ ማን ሊጽፍለት ነው፣ ማን ሊሟገትለት ነው? በየኮመንቱ "ጊዜው አይደለም፣ የራስን ጉድ አናውጣ" የምትሉ አላችሁ። ባንዳ በሉኝ፣ ችግር የለም። እኛ ዝም ስንል ሌባው ባንዲራችንን ለብሶ ይሄዳል።

ሥራ ልስጣችሁ። በየአካባቢያችሁ ያለው የቀበሌ ሊቀመንበር በስንት ዓ.ም. በማን እንደተሾመ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ዘንድሮ ማዳበሪያ እንዴት እንደተከፋፈለ፣ ትምህርት ቤቱ ከመቼ ጀምሮ እንደተዘጋ፣ ማን እንዳዘጋውም ጨምራችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን። የወረዳውን ስም ብቻ ጻፉ። የሰው ስም፣ የራሳችሁንም ቢሆን፣ አትጻፉ። የመጣውን በሚቀጥለው ሳምንት እዚሁ እናወጣዋለን።