ገመና የማይሸፍን ጤና ጣቢያ

በአቃቂ ቃሊቲ ዳርቻ ፋብሪካና የጤፍ ማሳ ይዋሰናሉ። ኑሮው ግን በብዙ ሰፈር ዛሬም የገጠር ነው፤ ማን አረገዘች፣ የት ወለደች የሚለው ጉዳይ የጎረቤት ሁሉ ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር ኤች አይ ቪ በደሟ የተገኘባት ነፍሰ ጡር የምትወልድበትን ቦታ የምትመርጠው ሐኪሙን ብቻ አስባ አይደለም።

በ1997 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተከናወኑት 5 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። ሁሉም በቤቱ በሚወልድበት መንደር "ጤና ጣቢያ ነው የምወልደው" ያለች ሴት "ምን ቢኖርባት ነው?" መባሏ አይቀርም። በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ 48 ደርሷል። በተቋም መውለድ ብርቅ መሆኑ ሲቀር፣ ይህ የጥርጣሬ ምክንያትም ተዳክሟል።

መገለሉ ግን አልጠፋም። ዛሬ የሚያጋልጣት የምትገባበት የተለየ ክፍልና ለሕፃኑ የሚሰጠው ሽሮፕ ነው። ስለዚህ አንዷ አጠገቧ ያለውን ጤና ጣቢያ አልፋ ማንም ወደማያውቃት ትሄዳለች፤ ምጥ በሌሊት ሲመጣ ሩቁ አይደረስበትምና ቤቷ ትወልዳለች። ሌላዋ ከናካቴው ምርመራውን ትሸሻለች። ዋጋውን የሚከፍለው ሕፃኑ ነው። ያለ ሕክምና ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ሲሆን፣ በተገቢው ክትትል ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። አገራችን ቫይረሱ ያለባት ነፍሰ ጡር ሁሉ ወዲያውኑ የዕድሜ ልክ መድኃኒት እንድትጀምር የሚያዘውን አሠራር የተቀበለችው በ2005 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱ አለ፤ የሚያስፈራው መንገዱ ነው።

ሕጉስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በሙያው ያወቀውን ምስጢር የሚያባክን ባለሙያን ይቀጣል። ይሁንና ተበዳይዋ አቤት ለማለት፣ ሊጠበቅላት ይገባ የነበረውን ምስጢር ለፖሊስ፣ ለዓቃቤ ሕግና ለፍርድ ቤት ራሷ መናገር አለባት። ችሎቱ በዝግ ቢታይ እንኳ ሰፈሩ አይዘጋም። መብቱን ልጠቀምበት የምትል ጥቂት ብትሆን አይገርምም።

ስለዚህ ጥበቃው ከችሎት በፊት ከጤና ጣቢያው ደጃፍ መጀመር አለበት። ለነፍሰ ጡሮች ሁሉ አንድ ወረፋ፣ አንድ ዓይነት ካርድ፣ አንድ ክፍል ይሁን። ባልም አብሮ ይመርመር። ምስጢር ሲባክን እናቲቱ ሳትከስ ተቋሙ ራሱ ይጠይቅ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቆም በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ መታዘዙ ይታወሳል። የምክር አገልግሎት ሰጪው በሳሳበት ጊዜ፣ ቢያንስ አሠራራችን ራሱ እናቲቱን አሳልፎ የሚሰጥ መሆን የለበትም።