ቡና ሸጦ እህል የሚሸምት ከተማ

ከጅማ በስተሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሊሙ ገነት፣ በታጠበ ቡናዋ ስሟ በዓለም ገበያ ሲጠራ የሚኖር፣ ምድሯም አዝርዕትንና ፍሬያትን ለማብቀል የማይሰስት ሆኖ ሳለ፣ ለነዋሪዎቿ ወጥ የሚሆነው ሽንኩርትና ቲማቲም ብዙ ጊዜ ከስምጥ ሸለቆ ማሳዎች ተጭኖ እስኪመጣ የሚጠበቅ መሆኑ፣ ስለ ከተሞቻችን ኑሮ የሚያስብን ሰው ሁሉ ሊያሳዝነው ይገባል። የቡና ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች ውኃና መንገድ ግዴታቸው እንደ ሆነ ሁሉ የሕዝባቸውንም ሲሳይ የራሳቸው ሥራ አድርገው መያዝ አለባቸው።

የቡና ሀገር ኑሮ ጥጋብና ችግር በአንድ ዓመት ውስጥ የሚፈራረቁበት ነው። ቀይ እሸት በሚለቀምበት በዘመነ መጸው ገንዘብ በየቤቱ ይገባል፣ ጉሊቱም ይደምቃል፤ ክረምቱ ሲከብድ ግን የቡናው ገንዘብ አልቆ፣ መንገዱ ጨቅይቶ፣ የበቆሎው ዋጋ ወጥቶ፣ አዲሱ እሸት ገና አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል፤ ዮሴፍ በግብፅ ለሰባቱ የረሃብ ዓመታት ያዘጋጀው ጎተራ ለዚህ ሀገር በየዓመቱ የሚያስፈልግ ነው። በዚህም ላይ የቡናው ዋጋ የሚቆረጠው በሩቅ ገበያ ስለ ሆነ፣ በ1994 ዓ.ም. ገደማ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ታይቶ ወደማይታወቅ ዝቅታ በወረደ ጊዜ፣ ብዙ ገበሬ ዓመት ሙሉ የደከመበትን ፍሬ ሸጦ የልጆቹን ቀለብ መሸመት ተስኖት ነበር።

የቀድሞው የጓሮ ሥርዓት ለዚህ መድኃኒት ነበረው። በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ቡናው፣ ከቡናው አጠገብ እንሰቱ፣ ከዚያ በታች ጎደሬውና ጎመኑ፣ በእርጥቡ ስፍራ ኮረሪማው፣ ከዛፉም ላይ ቀፎው ተደራጅተው፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ቤቱን ይደግፍ ነበር፤ ይልቁንም እንሰት ባለቤቱ እስኪቸግረው ድረስ ለዓመታት ቆሞ የሚጠብቅ፣ ነቀዝም የማይደፍረው ሀብት ነው። ዛሬ ግን ከተማው በሰፋ ቍጥር ይህ ጓሮ ለቤት መሥሪያ እየተሸነሸነ፣ ከቀረውም ብዙው ለጫትና ለባሕር ዛፍ እየተለቀቀ ሄዷል፤ በዚህም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ አንድ እግር ጎመን እንኳ የሚተክልበት መሬት የሌለው ሰው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጨኝ በወንዝ የሚፈሰው በረከት ነው። ቀይ እሸት በመፈልፈያ ሲያልፍ ከክብደቱ ከመቶ አርባ እጅ ያህሉ ልጣጭ ሆኖ ይቀራል፤ ልጣጩና የማጠቢያው ውኃ ወደ ወንዝ በተለቀቀ ጊዜ ወንዙ ይሸታል፣ ከታች የሚኖረው ሕዝብና ከብቱም የሚጠጣው ያጣል። ያው ልጣጭ ግን ከፍግና ከቅጠል ጋር ተከምሮ፣ እየተገላበጠም ጥቂት ወራት ቢቆይ፣ ፖታሲየም የበዛበት መልካም ብስባሽ ይሆናል፤ በኅዳር የተከመረውም በቆሎ ለሚዘራበት ለሚያዝያ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ዛሬ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሥር እያስተማረ፣ የመልኮው የምርምር ማእከልም ስለ ቡና ለብዙ ዐሥርት ዓመታት እየመረመረ ሳለ ዕውቀት ጎደለን ማለት አንችልም፤ የጎደለው ልጣጩን ከማጠቢያው እስከ ጓሮው የሚያደርስ፣ ሥራውንም በኃላፊነት የሚይዝ ጽሕፈት ቤት ነው።

የሕዝብን ሲሳይ በኃላፊነት የሚይዝ ጽሕፈት ቤት፣ እንደኛው በቡና የሚታወቀው የብራዚል ክፍል ዋና ከተማ ቤሎ ኦሪዞንቴ እ.ኤ.አ. በ1993 አቋቍሞ፣ ገበሬዎች ያለ ደላላ በከተማው አደባባይ እንዲሸጡ፣ ድኻውም በጥቂት ገንዘብ የሚበላበት አዳራሽ እንዲከፈት አድርጓል።

የሊሙ ገነትም ማዘጋጃ ቤት በከተማው ዳር ያለውን እርጥብ መሬት በጨረታ ከማስተላለፉ በፊት ለአትክልት ቢከልለው፣ በጭቃ ላይ ተቀምጠው ለሚነግዱት የጉሊት እናቶችም ጣራና መደብ ቢሠራላቸው፣ ከፍ ያለ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ለትምህርት ቤቶች ምገባ የሚሆነውን በቆሎ፣ ባቄላና ጎመን ደግሞ በአካባቢው ካሉት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት እንዲገዛ ውል ይግባ፤ ውሉም ከሚያዝያ በፊት፣ ገበሬው ምን ያህል መሬት ለቀለብ እንደሚያርስ ሳይወስን ይፈረም።